ለብ ያለ አጥሚት

«እሷ ከውጭ ትቆይልኝ» አሉ እማሆይ ፍቅርተማርያም።

የጥርስ ሐኪሟ ወንበሩን ወደ ኋላ እያስተኛች ነበር። ወጣት ናት። አንድ ጓንት አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ቀረችና ልጅዎ አይደለችም እንዴ ብላ ጠየቀች። «ያመጣችኝ ናት» አሉ እማሆይ። «በእሷ ፊት አፌን አልከፍትም።» በሰለች የእማሆይን ምርኩዝና ጋቢ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት። በሰለች ወጣችና በሩን እንዳይጮኽ አድርጋ ዘጋችው።

በመተላለፊያው አግዳሚ ላይ ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ሁሉም ሰምተዋል። አንዲት ሴት አየት አድርጋት ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች። ጉንጩን በሻሽ ያሰረ ሽማግሌ ግን ወሬ ሲያገኝ ሕመሙ የሚቀልለት ዓይነት ሰው ነበር። ተጠግቶ ቦታ ለቀቀላትና ድሮ ጥርስ የሚነቀለው በነፃ ነበር አላት፤ አሁን የአንድ ጥርስ ዋጋ የአንድ ዶሮ ዋጋ ሆኗል፣ ያውም የበዓል ዶሮ። መዘዞ ገበያ ዳር አንድ ባለ እጅ ነበር፣ በጉጠት ነበር የሚነቅለው፣ እጁ እንደ እሱ የቀለለ ሰው አላየሁም አለ። ሰውዬው በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም አለ። በሰለች በሕይወት አለ ልትለው ትችል ነበር። ባለ እጁ አባቷ ነው። አሁንም ማጭድና ማረሻ ይቀጠቅጣል። ሰው ማጭዱን ይገዛዋል፤ በታመመ ጊዜ አፉን ይከፍትለታል፤ ሲድን ግን ከቤቱ ውሃ አይጠጣም። የባለ እጅ ዓይን ሰው ይበላል ይባላል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ዝም ማለት ይሻላል። የጋቢውን ጥለት ማጣጠፍ ያዘች።

ከእማሆይ ልጅ ከባየው ጋር ከተጋባች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። የእማሆይ ባል አንኮበር ውስጥ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ እማሆይ መነኮሱ። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ደብረ ብርሃን እየመጡ ልጃቸውን ይጠይቃሉ። ሲመጡ ሳህናቸውን፣ ኩባያቸውንና አንድ የቀንድ ማንኪያ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይመጣሉ። የመነኩሴ ዕቃ ለብቻ ነው ይላሉ። ከመመንኮሳቸው በፊትም ይዘው ይመጡ ነበር። ሲመገቡ ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። በሰለችም ሳህኑን አስቀምጣ ወደ በሩ መዞር ለመደች። ዙሪ ያላት ሰው የለም። አትዙሪ ያላትም የለም። ባየው አንድ ቀን እንኳ አላላትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አማት ወደ ግድግዳ፣ ምራት ወደ በር ዞረው፣ ባየው በመካከል ቁጭ ብሎ ይበላል።

እማሆይ ሲወጡ ግራ ጉንጫቸው አብጦ ከንፈራቸው ወደ ታች ተንጋዶ ነበር። አፋቸው ውስጥ የታጠፈ ጎዝ፣ የቁስል ነጭ ጨርቅ፣ ነክሰዋል። የተነቀለውን መንጋጋ ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውታል፤ ስሞት አብሮኝ ይቀበር ብለው ሐኪሟን ጠይቀዋት ነበር። በሌላው እጃቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል። በሰለች ምን አሉዎት ብላ ጠየቀች። እማሆይ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ምንም ማለታቸው ነው። ወረቀቱን ዳዊታቸው ውስጥ ከተው ማኅደሩን ዘጉት። በሰለች ዳዊቱን አትነካም፤ ስለዚህ ወረቀቱም ያን ጊዜ እጇ ከማይደርስበት ገባ።

ባጃጁ ውስጥ ነፋሱ እንደ ምላጭ ነበር። ታኅሣሥ ነው፤ የሌሊቱ ውርጭ ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ ገና አልለቀቀም። በሰለች ጋቢውን በእማሆይ ጉንጭ ላይ አዙራ ልታለብሳቸው እጇን ዘረጋች። እማሆይ ራሳቸው ተቀብለው ለበሱት። ባለ ባጃጁ ዋጋ ጨምሯል፣ ቤንዚን የለም፣ ለሰልፍ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የተነሣሁት ይላል።

የሚኖሩት በሰው ግቢ ውስጥ በተከራዩት ሁለት ክፍል ነው። አንዱ የሚበላበትና እንግዳ የሚተኛበት፣ ሌላው የባልና የሚስት። እማሆይ አልጋው ላይ ወጥተው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡት። ባዶ የወተት ጣሳ እንድታቀብላቸው በእጃቸው አመለከቱ። ሰጠቻቸው። ጣሳውን በነጠላው ሥር አስገቡት። በሰለች በሩ አጠገብ ፀሐይ ያገኘችበት ቦታ በርጩማዋን አኑራ ሱፏን ወሰደች። ለብርድ ልብስ ሠሪዎች ሱፍ ትፈትላለች፤ ለቅዳሜ የሚደርስ ሥራ ነበራት። ጀርባዋ ለአልጋው ነው። አንድ ሰው አፉን በታመመ ጊዜ፣ ያም ሰው እማሆይ ሲሆኑ፣ አለማየት ትልቅ ርዳታ መሰላት። ጣሳው አልፎ አልፎ ድምፅ ይሰጣል። አልዞረችም። ጎዙን ያወጡ ይሆናል አለች በልቧ። ሐኪም የሚለውን ብሏቸዋል፣ እኔ ምን አገባኝ አለች።

አምስት ሰዓት ላይ ከሕክምናው የመጣውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን በኩባያቸው ውሃ አቀረበች። ማደንዘዣው ሳይለቅ ቢውጡት ይሻላል አለቻቸው። እማሆይ ጣታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ፀሐይዋ ቀሰሩ። የነቢያት ጾም ነው፤ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ክኒኑን ከዳዊቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ኩባያውን ስታስቀምጥ ግን ዓይኗ ሳይታሰብ ነጠላው ላይ አረፈ። ነጠላው ከአገጫቸው ሥር ቀይ ነበር። እጃቸው ጭናቸው ላይ ተቀምጧል፤ ጥፍራቸው ነጣ ብሏል። «ይደማል እንዴ?» አለች። እማሆይ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በሰለች ወደ ግቢው ወጥታ ለባየው ደወለች። ፋብሪካ ነው፤ ከኋላው የማሽን ጩኸት ይሰማል። ደሙ እንዳልቆመ፣ ነጠላው እንደራሰ፣ ፊታቸው እንደተለወጠ ነገረችው። ለአፍታ ዝም አለ። እሷ የዚያን ዝምታ መልክ ታውቀዋለች፤ ባየው የሚያስበውንና የሚያፍርበትን ነገር አንድ ላይ ሲይዝ እንዲህ ያደርገዋል። በመጨረሻ ለምሥራቅ እደውላለሁ አለ። ምሥራቅ ታላቅ እህቱ ናት፤ ጠባሴ ትኖራለች። «ምሥራቅ እስክትመጣ አንቺ ምንም አትንኪ» አለ። «እሺ» አለችና ስልኩን ዘጋች። አከራይዋ ልብስ እያሰጣች ነበር። ማን ታመመ አለቻት። አማቴ፣ ጥርስ ተነቅለው አለች። አከራይዋ ቶሎ ብላ ልብሱን ማስጣት ጨረሰች።

በሰለች የሚመጣውን አውቃለች። አንድ ጊዜ መዘዞ ውስጥ፣ ልጅ ሳለች፣ የጎረቤት ሴት ወልዳ ደም አልቆም ሲላት አይታለች። ያን ቀን አባቷ መዶሻውን አስቀምጦ በሩን ከውስጥ ቆለፈ፤ ሴትዮዋ እስክትድን ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። ሴትዮዋ ዳነች። ባትድን ኖሮ እነሱ በመዘዞ አይኖሩም ነበር። አሁን እማሆይ በእሷ ቤት፣ በእሷ አልጋ ላይ ደም እየፈሰሳቸው ነው። ቢብስባቸው ማንም ሐኪሟን አይጠይቅም። ባየውም ይጠይቃታል ማለት አልቻለችም። ዛሬ ይህን ለራሷ ደፍራ አለችው፤ አትንኪ ሲላት ድምፁን ሰምታለች።

ምሥራቅ ሰባት ሰዓት አልፎ መጣች። በእጇ ፌስታል ይዛለች። ገና በሩን ስታልፍ ሽታው ቀደማት፤ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ነው፣ አንድ ላይ የተወቀጠ። ይህ ለጥርስ አይደለም። በዓይን ለተበላ ሰው በአፍንጫው የሚያሸትቱት ነው፤ አሸትተውት ማን እንደበላው ይጠይቁታል፣ የተበላውም ሰው የበላውን ስም ይጠራል። ምሥራቅ ከቤቷ ወቅጣ ነው ያመጣችው፤ የበሰለችን ሙቀጫ አልፈለገችም። ደህና ዋልሽ ተባባሉ። የጤና አዳም ዋጋ ሳይቀር ጨምሯል፣ ድሮ ከአጥር ይቀጠፍ የነበረው አሁን በእስር ይሸጣል አለች ምሥራቅ። በሰለች አዎ ጨምሯል አለች። ምሥራቅ ፌስታሉን አልጋው ራስጌ አስቀመጠችና ነጠላዋን አጣፋች።

እማሆይ ልጃቸውን ሲያዩ ጣሳውን ከነጠላው ሥር አወጡ። ሊደፋ ይገባል፣ ሞልቷል። ምሥራቅ አንድ ጊዜ አየችና ፊቷን አዞረች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ደም አትችልም። በሰለች ተቀብላ ወጣች። ሽንት ቤቱ በር ላይ ልትደፋው አጋደለችውና ቆመች። ወደ ብርሃኑ አቀረበችው። ደም ብቻ አልነበረም። አብዛኛው ምራቅ ነው፤ በምራቁ ላይ ጥቁር የጉበት ቁራጭ የመሰለ የረጋ ደም ይንሳፈፋል፣ አንድ ሳይሆን ሦስት አራት። ጠዋት የተነከሰው ጎዝም ከሥሩ አለ፤ ገና ከመጀመሪያው ተተፍቷል። አባቷ ጥርስ ነቅሎ ሲጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይል ነበር። ደሙ ራሱ ክዳኑን ይሠራል፣ ምላስህ አይንካው፣ እንዳትተፋ፤ ክዳኑን የተፋ እንደገና ነው የሚደማው። እማሆይ ከጠዋት ጀምሮ ክዳኑን እየነቀሉ ነው የዋሉት። እሷም ጀርባዋን ሰጥታ ሱፍ ስትፈትል ዋለች። ጣሳው ሲጮኽ ሰምታለች። ዞር ብትል ኖሮ ታይ ነበር።

ጣሳውን አጥባ ስትመለስ ወረቀቱን ጠየቀች። «እማሆይ፣ ሐኪሟ የሰጠችዎት ወረቀት አለ።» እማሆይ ወደ ዳዊቱ ተመለከቱ። በሰለች አልተንቀሳቀሰችም። ምሥራቅ ማኅደሩን ፈታ ወረቀቱን አወጣችና ሳታነብ የክፍያ ነው አለች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ጣለችው። በሰለች አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፤ ከታች ስልክ ቁጥር አለው። በእሷ ንባብ ጊዜ ወሰደባት። አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥታ ደወለች። ሐኪሟ ራሷ አነሣች። የእማሆይን ስም ስትሰማ አስታወሰቻት። ጉድጓዱን ያየው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት። በሰለች የለም አለች። ሐኪሟ እንግዲያው አንቺ እዪው አለች። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ በስልክ መብራት እዪ፣ ንጹሕ ጎዝ አጣጥፈሽ በትክክል ጉድጓዱ ላይ አኑሪ፣ ለአርባ አምስት ደቂቃ አጥብቀው ይንከሱት፣ መትፋት የለም፣ ምራቃቸውን ይዋጡ። ካልቆመ ሳትዘገዩ አምጧቸው። ጎዝ ከመንገዱ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ሮጣ ገዝታ ተመለሰች።

ስትገባ ክፍሉ በነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ታፍኗል። ምሥራቅ የተወቀጠውን በጨርቅ ይዛ እናቷ አፍንጫ ሥር አቅርባዋለች። እማሆይ ያስላቸዋል፤ ባሳላቸው ቁጥር ደሙ በከንፈራቸው ጥግ ይወርዳል። ምሥራቅ ወደ በሩ አላየችም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ከልቧ የፈራች ሰው ድምፅ ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ይህ ደግሞ የባሰ ነበር።

«እማዬ፣ ማነው? ንገሪኝ። ማነው?»

በሰለች ጎዙን እንደያዘች ደፉ ላይ ቆመች። ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አልሆነላትም። አከራይዋ በግቢው ማዶ ባልዲ ይዛ ቆማለች፣ አትንቀሳቀስም። አንድ ስም ነው የቀረው። ስሙ ከተጠራ ነገ ጠዋት በቧንቧው ላይ፣ ከነገ ወዲያ በጠባሴ፣ ቅዳሜ በመዘዞ ገበያ ይሰማል። ባየው ማታ መጥቶ የቱ ጋ እንደሚቀመጥ እንኳ ማወቅ አልቻለችም። መለመን አላማራትም፤ ያልበደለ ሰው ሲለምን በደለኛ ይመስላል። ወረቀቱን ገልጣ፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርጋ፣ እንደ ተማሪ ቃል በቃል አነበበች። «ለሃያ አራት ሰዓት መትፋትና አፍ መጉመጥመጥ ክልክል ነው።» ወረቀቱን አጠፈችው። ሌላ አልጨመረችም።

እማሆይ ጨርቁን ከአፍንጫቸው በእጃቸው ጀርባ ገፉት። ጣሳውን ፈለጉ፤ ጣሳው ታጥቦ በሩ አጠገብ ተደፍቷል። አፋቸው ሞልቷል። ልጃቸውን አዩ፣ ጣሳውን አዩ። ብዙ ጊዜ ዝም ማለት ይቀላል፤ በተለይ የዝምታውን ዋጋ ሌላ ሰው በሚከፍልበት ጊዜ። እማሆይ ጠዋትም፣ ቀትርም፣ አሁንም ዝም ማለት ይችሉ ነበር። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ።

«ራሴ ነኝ» አሉ።

ምሥራቅ አልገባትም። ከንፈራቸው ስላበጠ ቃሉ ተንሻፎ ነበር የወጣው። እንደገና አሉት። «ራሴ ነኝ። ሐኪሟ አትትፉ ብላኛለች፤ ሰምቻታለሁ። በነቢያት ጾም፣ ሰዓቱ ሳይደርስ፣ ደም ልዋጥ? ከጠዋት ጀምሮ ስተፋ ነው የዋልኩት።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ማንም አልነካኝም።»

«ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አልሽ?» አለች ምሥራቅ። ምሥራቅ ጨርቁን የት እንደምታደርገው አጥታ መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ስለ ሐኪሟ ትእዛዝ ጠየቀች፣ በሰለችም ነገረቻት። ምሥራቅ ጎዙን ተቀበለች። እናቷን አፍሽን ክፈቺ አለቻቸው፣ ጎንበስ አለች፣ አንድ ጊዜ አየችና ቀና ብላ ግድግዳውን ያዘች። ፊቷ አመድ መስሏል። አልችልም አለች። እጇም ነጭ ሽንኩርት ብቻ ይሸት ነበር። ወደ በርጩማው ሄዳ ቁጭ አለችና ጭንቅላቷን በጉልበቶቿ መካከል ደፋች።

በሰለች እጇን በሳሙና ታጠበች፣ ሁለት ጊዜ። የዚህ አገር ውሃ በታኅሣሥ ጣት ያደነዝዛል። አዲስ ጎዝ ቀደደች፣ የስልኳን መብራት አበራች፣ አልጋው አጠገብ ቆመች። ይክፈቱልኝ አላለችም። ያን ያህል ዓመት ያልጠየቀችውን ነገር በመብራት አስፈራርታ አትጠይቅም። መብራቱን ወደ ወለሉ ይዛ ጠበቀች። ጊዜው ረዘመ። የውጭው ባልዲ ድምፅ ሰጠ፣ አንድ ባጃጅ አለፈ። እማሆይ በመጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አማተቡ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

የቀሩት ጥርሶች ጥቂት ናቸው። ጉድጓዱ በግራ በኩል ከኋላ ነው፤ ደሙ እንደ ምንጭ ቀስ እያለ ይሞላዋል፣ አንድ ጥቁር የረጋ ደም ክር በድዱ ላይ ተንጠልጥሏል። በሰለች የምታየውን ሁሉ አየች። እንደማንኛውም ሰው አፍ ነበር፤ የታመመ፣ ያረጀ፣ ነጭ ምላስ ያለው። ጎዙን አጣጥፋ ጉድጓዱ ላይ አኖረችና ይንከሱት አለች፤ እስካሁን የማታውቀውን ድምፅ ከራሷ ሰማች፣ የአባቷ ድምፅ ነበር። አጥብቀው፣ እንዲህ፣ አይልቀቁት። ትራስ ደራርባ ቀና አድርጋ አስደገፈቻቸው። ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ጉንጫቸው ላይ ያዘች። እማሆይ እጃቸውን አንሥተው ፎጣውን ሊቀበሏት ነበር፤ እጃቸው መሃል ላይ ቆመና ጭናቸው ላይ ተመለሰ።

ምራቅ ሲሞላባቸው ጣሳውን ሊጠይቁ ዓይናቸውን ገለጡ። በሰለች ራሷን ነቀነቀች። ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፤ ጾሙ ሊገደፍ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። እማሆይ መስኮቱን አዩ። አንገታቸው ላይ ያለው ቀጭን ቆዳ ወደ ላይ ወጣ፣ ቆየ፣ ወረደ። ዋጡት። ከዓይናቸው ጥግ ዕንባ ወርዶ በፎጣው ላይ ጠፋ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ደረታቸውን መቱ፤ ሦስት ጊዜ። በሰለች አላየሁም ለማለት ፊቷን አላዞረችም።

አርባ አምስት ደቂቃው በሦስቱም ላይ ረጅም ነበር። ጎዙ ሲነሣ ጥቂት ደም ብቻ ነበር የነካው። ጉድጓዱ ውስጥ ጥቁር ክዳን ተሠርቷል። ምሥራቅ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመጣሉ፣ እራት አልሠራሁም አለች። ፌስታሏን ይዛ ወጣች። አልጣለችውም። በሰለች እስከ ግቢው በር ሸኘቻት። ምሥራቅ የበሩን መቀርቀሪያ ይዛ እየነካካች ለክፉ ብዬ አይደለም ያመጣሁት አለች። «ለማንኛውም ብዬ ነው።»

«ለማንኛውም» አለች በሰለች፤ በሩንም ከፈተችላት።

ባየው ሲመሽ መጣ። ሽታው ገና አልወጣም ነበር፤ በሩ ላይ አንድ ጊዜ በአፍንጫው ሳበና ቆመ። አንኮበር ያደገ ሰው ነው፣ የሚነግረው አያስፈልገውም። ደሙ ቆመ ወይ ብሎ ጠየቀ። ቆመ አለችው። በርጩማው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ፣ ለአንድ ጫማ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ ፈጀ። «ምንም አትንኪ ብለኸኝ ነበር» አለች፣ አጥሚቱን እያማሰለች። «ነካሁ።» ቀና አላለም። ሁለተኛውን ጫማ አወለቀ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አሰለፋቸው፣ ደግሞ አነሣቸው፣ ደግሞ አሰለፋቸው።

የአጃ አጥሚት ነው፣ ቅቤ የሌለው፣ ቀጠን ያለ። ወረቀቱ ትኩስ ነገር ይከለክላል፤ ለብ ያለና የማይታኘክ ነው የሚፈቅደው። በሰለች ከድስቱ ወደ ጆግ፣ ከጆጉ ወደ ድስቱ እየገለበጠች አበረደችው። በእማሆይ ሳህን ቀድታ፣ የቀንድ ማንኪያቸውን ከነጩ ጨርቅ አጠገብ አድርጋ፣ አልጋው ላይ ባለው ትሪ አኖረችው። የነገውን ነገረቻቸው፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ በጨው ውሃ ቀስ ብለው ያጥቡታል፣ ለብ ባለ፤ ዛሬ ግን አይነካም፣ ቀና ብለው ይተኛሉ። እማሆይ ሰሟት። ከዚያ በሰለች እንደ ሁልጊዜው ወደ በሩ ዞረች።

በሩ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ እያየች ጠበቀች። የማንኪያ ድምፅ አልተሰማም። ቀኖቹን ከላይ ወደ ታች አነበበች፤ አሁንም አልተሰማም። እማሆይ ወደ ግድግዳው ሲዞሩ አልጋው ይጮኻል፤ ጩኸቱም አልነበረም። ባየው ጫማውን መንካት አቁሟል።

«በሰለች» አሉ እማሆይ።

በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ዘጠኝ ዓመት አንቺ ነበረች፤ ከሰው ጋር ሲሆኑም እሷ።

«ትኩስ አይንካዎት ተብያለሁ። አፌ ቆስሏል፣ አምኜ አልሞክረውም። ቅመሺልኝ።»

ዞረች። እማሆይ ፊታቸው ወደ እሷ ነው። ሌላ ማንኪያ ላምጣ ብላ ወደ ዕቃው ሄደች። «ማንኪያማ ይኸው» አሉ። በቀንዱ ማንኪያ ከሳህኑ ጨልፈው ዘረጉላት፤ አንድ ጠብታ ትሪው ላይ ወደቀ። በሰለች ተቀበለችና ቀመሰች። እማሆይ ስትቀምስ አዩዋት፤ እሷም አየቻቸው።

«ለብ ብሏል» አለች።

እማሆይ ማንኪያውን ተቀበሉ። ሳይጠርጉት ሳህኑ ውስጥ መለሱት፣ በአፋቸው በቀኝ በኩልም ቀስ ብለው መጠጣት ጀመሩ።